ስንቁስ?

በምናብ የተፈጠረ ዓለም ውስጥ የሚኖር ሰው ምሳውን የት እንደሚበላ ካልተነገረኝ መጽሐፉን አላምነውም። ዘንዶው ይብረር፣ ቅሬታ የለኝም። መንኮራኩሩም ከብርሃን ይፍጠን፤ ፊዚክስ ያስተማሩኝ መምህር ይቀየሙ እንደሆነ እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ። ሙት ይነሳ፣ ዛፍ ይናገር፣ ሰውየው በግድግዳ ሾልኮ ይለፍ። ግን ስድስት መቶ ገጽ ሙሉ ሲጋልብ፣ ሲዋጋና ሲያፈቅር የከረመ ጀግና አንዴ እንኳ ሆዱ ካልጮኸ ደራሲው የደበቀኝ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ሁሉ ፈረስ ገብሱን ከየት አመጣው? ምሽግ ውስጥ ለተከበበው አሥር ሺህ ጦር የሚጋግረው ማን ነው?

ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ፋንታሲ የሚባሉትን መጻሕፍት ስወድ ብዙ ዘመኔ ነው። በኛ አገር ይህ ፍቅር በአደባባይ የሚወራ አይደለም። ጎልማሳ ሰው ታሪክ ያነባል፣ ፖለቲካ ያነባል፣ የጄኔራሎች ትዝታ ያነባል። ሽፋኑ ላይ ዘንዶ የተሣለበት መጽሐፍ ይዤ ካፌ ስገባ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁልጊዜ "የልጅህ ነው?" ይለኛል። ይህ ሰው ሎተሪ በቆረጠ ማግስት ገና ያልደረሰውን ቪላ ለወንድሞቹ ክፍል በክፍል አከፋፍሎ፣ በሰርቪስ ቤቱ ጉዳይ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ የሰነበተ ነው። ምናብ አንሶት አይደለም። መጽሐፍ አዟሪዎቹም ያው ናቸው። አንዱን፣ መጽሐፉን ከክንዱ እስከ አገጩ የቆለለውን፣ "ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የለህም?" ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና ከክምሩ ሥር በአጭር ጊዜ ሚሊየነር ስለመሆን የሚያስተምር መጽሐፍ መዝዞ ሰጠኝ። ተሳስተሃል ለማለት አፌን አልከፈትኩም።

ወደ ሆድ ጉዳይ ልመለስ። ሚዛኑን የሰጠችኝ እናቴ ናት። እሷ ልብ ወለድ አታነብም፤ እኔ ያነበብኩትን ግን ሰፌድ ይዛ ምስር እየለቀመች ታስተርከኛለች።

"እሺ፣ ዛሬስ ምን ይላል መጽሐፍህ?"

"አንድ ቁመቱ አጭር ሰውዬ አለ እማዬ። ክፉ ቀለበት እጁ ገብቶ፣ እሳት የሚተፋ ተራራ ድረስ ወስዶ ሊጥለው ይሄዳል።"

"በምን?"

"በእግሩ።"

"ሩቅ ነው?"

"ወራት ያስኬዳል።"

ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳርፋ ቀና አለች። "ስንቁስ?"

ስለ ቀለበቱ ኃይል፣ ስለ ክፉው ጌታ፣ ስለ ጥቁሮቹ ፈረሰኞች አንድም ጥያቄ የላትም። ለምባስ የሚባል ነገር እንዳለ ነገርኳት፦ ስስ ቂጣ ነው፤ በቅጠል ይጠቀለላል፤ ካልተቆረሰ ብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል፤ አንዱ ብቻ አንድን ጎልማሳ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። "የነሱ በሶ መሆኑ ነዋ!" አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች። የዘርፉ ሊቃውንት ስለዚያ ቂጣ ብዙ ጽፈዋል። ከዚህ ያጠረ ትንታኔ ግን አላየሁም።

የቀለበቱ ታሪክ ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ይህን የእናቴን ፈተና በማዕረግ ነው የሚያልፈው። የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ነበር፤ "ሆቢት"ን የጀመረው የተማሪ ፈተና ሲያርም ባዶ ሆኖ ባገኘው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጫር አድርጎ ነው። (ባዶውን ገጽ ያስረከበው ተማሪ በዚያ ፈተና ስንት እንዳገኘ አልተጻፈም፤ ከኔ ግን መቶ ከመቶ አለው።) መጽሐፉ በ1937 ታተመ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ታሪኩ የሚከፈተው ደግሞ በጦርነት ሳይሆን በእንግዳ ነው። ቢልቦ የተባለው ሰላማዊ ሆቢት፣ ከነዚያ ቁመተ አጭር ሰዎች አንዱ፣ ሻዩን ሊጠጣ ሲል በር ይንኳኳል፤ አንድ ጢማም ድንክ ይገባል። ደግሞ ይንኳኳል። እንዲህ እንዲህ እያለ 13 ድንኮችና አንድ ጠንቋይ ተሰብስበው ጓዳውን ያራግፉታል። አንዱ ኬክ ይላል፣ አንዱ ቡና ይላል፣ ሌላው እንቁላል ይጨመር ይላል። ቢልቦ ውስጥ ውስጡን እያረረ ያቀርባል፤ ማን ጠራችሁ ብሎ ለመጠየቅ ይሉኝታ ይዞታል። እኔ ይህን ምዕራፍ ሳነብ እንግሊዝ አገር ያለሁ መስሎኝ አያውቅም። እንግዶቹ የማታውን ዕቃ እየዘፈኑ ማጠባቸውን አልክድም። የጠዋቱን ግን ኩሽና ውስጥ ከምረው፣ ሳይሰናበቱ መንገድ ጀምረዋል።

ከ1954 እስከ 1955 በሦስት ቅጽ በወጣው "የቀለበቶቹ ጌታ" ውስጥ የኔ ጀግና ቀለበቱን የተሸከመው ፍሮዶ አይደለም፤ በመጨረሻ ዘውድ የሚደፋውም አይደለም። ሳም ነው፣ አትክልተኛው። ይህ ሰው ዓለምን ለማዳን ሲነሳ ጀርባው ላይ ድስትና መጥበሻ አስሯል፤ በጓዙ ውስጥ ደግሞ ትንሽ የጨው ሣጥን አለችው፣ ባለቀች ቁጥር ባገኘበት የሚሞላት። የጠላት አገር ድንበር ላይ ደርሰው ሰው ሁሉ ስለ ሞት በሚያስብበት ሰዓት፣ ጎለም የተባለው ጎስቋላ ፍጡር ሁለት ጥንቸል ይዞ ይመጣል። ሳም እሳት ያነዳል። ጥሬ ሥጋ የለመደው ጎለም ይህን የመሰለ ሥጋ ሊበላሽ ነው ብሎ ይንጨረጨራል። ሳም በበኩሉ ሂድና መዓዛ ያለው ቅጠላ ቅጠል ፈልግልኝ ይለዋል፤ ድንች ቢኖር ኖሮ እያለ ይመኛል፤ ጎለም ድንች ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ይጨቃጨቃሉ። የዓለም ዕጣ በክር ተንጠልጥሎ ሁለቱ ስለ ወጥ አሠራር ይከራከራሉ። በኋላ ያጋለጣቸውም ያ የምግብ ጭስ ነው፤ በአካባቢው ያደፈጡ ወታደሮች ጭሱን አይተው መጥተው ከበቧቸው።

ተራራው ሲቃረብና ጉልበት ሲያልቅ ሳም ሸክም ለማቃለል ድስቶቹን ገደል ይጥላቸዋል። እየተንኳኩ ሲወርዱ የሚያሰሙት ድምፅ ልቡን ይሰብረዋል። ብዙ ሰው በዚህ መጽሐፍ የሚያለቅሰው ጠንቋዩ ገደል ሲገባ ነው። እኔ ድስቱ ገደል ሲገባ ነው። ጠንቋይ ይመለስ ይሆናል፤ ድስቱን የወረወረ ሰው ግን ከእንግዲህ ለመመለሻ የሚያበስለው ነገር እንደሌለ አምኗል። ቶልኪን በ1916 ሶም በተባለው አስከፊ ጦር ሜዳ መኮንን ሆኖ ነበር፤ ሳምን የቀዳው በዚያ ጦርነት ካወቃቸው ተራ ወታደሮችና የመኮንን አገልጋዮች እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ጄኔራሎቹ ስለዚያ ጦርነት ወፍራም ወፍራም ትዝታ ጽፈዋል። ድስት ተሸክሞ የነበረውን ሰው የጻፈልን ግን ይኸው ሆቢት ፈጣሪው ነው።

በነገራችን ላይ ቶልኪን ስለኛም ጽፏል። "ሆቢት" ከመታተሙ በፊት፣ በ1932 እና በ1934፣ የጥንት እንግሊዞች ኢትዮጵያውያንን በምን ስም ይጠሩ እንደነበር የሚመረምር ጥናት በሁለት ክፍል አሳትሟል። መላ ምቱ ፀሐይን፣ ጥላሸትንና እሳትን ያያይዛል፤ አንዳንድ ተመራማሪዎችም ባልሮግ የተባለው የእሳት ጋኔኑ መልክ ከዚያ ጥናት ጋር ይዛመዳል ይላሉ። ቅር አላለኝም። አንድ የኦክስፎርድ ሰው አገራችንን ሳያይ በርበሬያችንን መጠርጠሩ እንደ ሊቅ ያስቆጥረዋል።

ሁለተኛውን ወንበር የምሰጠው ለፍራንክ ኸርበርት ነው። "ዱን"ን ከ20 በላይ አሳታሚዎች መልሰውበት፣ በመጨረሻ በ1965 ያሳተመለት ቺልተን የተባለ በመኪና ጥገና መመሪያዎቹ የሚታወቅ ድርጅት ነው። ለሥነ ጽሑፍ ያልገባው ነገር ለጋራዥ ገብቶታል። ታሪኩ የሚሆነው አራኪስ በምትባል ዝናብ በማታውቅ ፕላኔት ላይ ነው። በዚያ ሰው ሲሞት ሬሳው ውስጥ ያለው ውሃ ተጣርቶ ለጎሳው ይመለሳል፤ ማልቀስ እንኳ ለሟች ውሃ መስጠት ስለሆነ ታምር ነው። አዲሱ ገዢ፣ መስፍን ሌቶ፣ ከሹማምንቱ ጋር እንደተቀመጠ የበረሃው ሰዎች መሪ ስቲልጋር ይገባና ጠረጴዛው ላይ እንትፍ ይላል። ዘበኞቹ ዘራፍ ሊሉ ይቃጣቸዋል። አገሩን ያወቀው የመስፍኑ ሰው ቀድሞ ያመሰግነዋል፦ የሰውነትህን እርጥበት ስለሰጠኸን።

ፈረንጅ አንባቢ እዚህ ላይ መደንገጥ አለበት፤ ቦታው የተጻፈው ለዚያ ነው። እኔን ምን ያስደነግጠኛል? ከልጅነቴ ጀምሮ ሽማግሌ በመረቀኝ ቁጥር ግንባሬ እርጥብ ነው። ለፈተና ስሄድ እንትፍ እንትፍ፤ ሥራ ስይዝ እንትፍ እንትፍ፤ ሙሽራ ሆኜ ከነሱፌ ጉልበት ስስም፣ የፎቶ አንሺውን ልመና ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ፣ እንትፍ እንትፍ። ስቲልጋር የኛ ሰፈር ሰው ነው። የኛ ሽማግሌዎች ምርቃቱን በቃልም ያጅቡታል፤ እሱ አላጀበም፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

በዚያው መጽሐፍ አንድ የእራት ግብዣ አለ። በአገሩ ልማድ ባለጸጎች ገበታ ከመቅረባቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ እየታጠቡም ሆን ብለው ውሃውን ወለል ላይ ይደፋሉ፤ በፎጣ ይጠርጉና ፎጣውን ኩሬው ውስጥ ይወረውሩታል። ከግብዣው በኋላ ውጭ የሚጠብቁ ድሆች ከፎጣው የተጨመቀውን ጠብታ ያገኛሉ። መስፍኑ ይህን ሲሰማ ያስቆመዋል፤ በምትኩ እራት እየተበላ ለመጣ ሁሉ አንድ አንድ ኩባያ ውሃ ይሰጥ ብሎ ያዛል። ስለ ጦርነቱና ስለ ትንቢቱ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ገጽ ዘለውት ያልፋሉ። እኔ ግን ማስታጠቢያ ይዤ እንግዳ ሳስታጥብ ያደግሁ ነኝ፤ በረሃው ውስጥ ከሚኖሩት የመጽሐፉ ትሎች ሁሉ፣ በመቶ የሚቆጠር ሜትር ከሚረዝሙት እንኳ፣ ያ ፎጣ ነው የሚያስፈራኝ። የበረሃው ሰዎች ቡናቸውን በቅመም እንደሚጠጡ ስጨምር ደግሞ ለኸርበርት ያለኝን አድናቆት ለመደበቅ ይከብደኛል። ጳውል የተባለው ወጣት ጀግና በፍልሚያ ከገደለው ሰው የሚወርሰው ንብረት ውስጥ አንዱ የቡና ዕቃው ነው። ሰውየው እንዲህ ያለ ዝርዝር የጻፈው አንድም ጀበና ፊት ተቀምጦ ነው፣ አንድም ተገልጦለት ነው።

አሁን ትንሽ ጠብ ልጫር። አይዛክ አሲሞቭን የሚያመልኩ ወዳጆች አሉኝ፤ "ፋውንዴሽን"ን ያላነበበ ሰው አንባቢ አይባልም ይላሉ። በ1951 በመጽሐፍ መልክ የወጣ ነው። 12,000 ዓመት የቆየ የጠፈር ግዛት ሊወድቅ ነው፤ ሃሪ ሴልደን የተባለ የሒሳብ ሊቅ የሚመጣውን የ30,000 ዓመት ጨለማ ወደ 1,000 ዓመት የሚያሳጥር ዕቅድ ያወጣል። ሐሳቡ ግዙፍ ነው፣ አልክድም። መጽሐፉ ግን ስብሰባ ነው። ወንዶች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ይበተናሉ፤ ብዙ ዓመት ያልፍና ሌሎች ወንዶች ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በፊተኛው ስብሰባ ላይ ይሰበሰባሉ። ሲጋራ ሲለኮስ አይቻለሁ፤ ድስት ሲጣድ ግን አላየሁም። የኛ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሌላው ቢቀር የታሸገ ውሃና ቆሎ አለው። ደግሞስ የአምስት ዓመት ዕቅድ ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች የሺህ ዓመት ዕቅድ በተያዘለት ጊዜ ሲሄድ እንድናምን መጠየቅ ከዘንዶ ያለፈ ድፍረት ነው። ደግነቱ በ1952 በወጣው በሁለተኛው ቅጽ በቅሎ የሚል ቅጽል ያለው ሰው ተነስቶ ዕቅዱን ያተራምሰዋል። በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፣ እሱም የሚመጣው ማንነቱን ሸፍኖ ነው። ከሦስቱ ቅጾች ያን ክፍል ብቻ ደግሜ አነበዋለሁ።

የጆርጅ ኦርዌልን "1984" ከዚህ ዘርፍ የሚያወጡት ሰዎች አሉ፤ ቁም ነገር ስላለው ይመስለኛል። በ1949 ሲታተም ከ35 ዓመት በኋላ ስለሚሆነው የሚያወራ መጽሐፍ ሌላ ምን ሊባል ነው? ከፖለቲካው ይልቅ የማልረሳው ራሽኑን ነው። መንግሥት የቸኮሌት ራሽን ከ30 ግራም ወደ 20 ይቀንሳል፤ በማግስቱ ሕዝቡ ራሽኑ ወደ 20 ግራም ከፍ ስላለልን እያለ በሰልፍ ያመሰግናል። በቀበሌ ሱቅ ለስኳር የተሰለፈ ትውልድ ይህን ሲያነብ ገጹን አይገልጥም፤ አንገቱን ወደ ኋላ ነው የሚያዞረው።

ከዚያ ደግሞ ቡናው አለ። ጁሊያ የተባለችው የባለታሪኩ ፍቅረኛ ከባለሥልጣኖቹ ድርሻ የሾለከ እውነተኛ ቡና፣ እውነተኛ ስኳርና ነጭ ዳቦ በከረጢት ይዛ ትመጣለች። ዓመታት ሙሉ የሚጠጡት ድል የሚል ስም የተለጠፈበት ቆሻሻ ነገር ነበር። ቡናው ሲፈላ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል፤ ያኔ ውጭ ያለ ሰው አሽትቶ እንዳይጠይቅ ብለው መስኮቱን ይዘጋሉ። ስለ አምባገነንነት የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፣ የሚያስጨንቅ ሥቃይ የተተረከባቸውንም ጭምር። ቡና አፍልቶ መስኮት እንደመዝጋት ያለ ግን አላጋጠመኝም። እኛ ዘንድ ቡና ሲቆላ በር የሚከፈተው ሽታው ጎረቤት ድረስ ሄዶ እንዲጠራ ነው። ጎረቤት ቀርታ እንደሆነ እንኳ "ሸትቷት ዝም አለች" ተብላ ትታማለች። ኦርዌል ይህን ሳያውቅ፣ አንድን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለማስፈራራት ከሚገኘው ቦታ ሁሉ ትክክለኛውን ነካ።

ፈገግ ማለት ያማረው ሰው ዳግላስ አዳምስን ያንብብ። በ1978 በሬዲዮ የጀመረውን "የጋላክሲ መንገደኞች መመሪያ" በ1979 መጽሐፍ አደረገው። አርተር ዴንት የተባለ ምስኪን አንድ ጠዋት ሲነሳ ቤቱን የሚያፈርስ ቡልዶዘር በሩ ላይ ቆሟል፤ መንገድ ሊያልፍ ነው። ማስታወቂያ አልደረሰኝም ሲል ለወራት ተለጥፎ ነበር ይሉታል። የተለጠፈው ግን መብራትና ደረጃ በሌለው ምድር ቤት፣ ማንም በማይጠቀምበት ሽንት ቤት ውስጥ፣ በተቆለፈ መሳቢያ ሥር ነው፤ በሩ ላይም ነብር አለ ተጠንቀቁ የሚል ተጽፏል። ቀጥሎ ጠፈር አቋራጭ መንገድ ሊያልፍባት ነው ተብሎ መሬት ራሷ ትፈርሳለች፤ የእሷም ፕላን ሌላ ኮከብ ላይ ለ50 ዓመት ተለጥፎ ነበር። ቦታው ለልማት ተፈልጎ የማያውቅ ሰው ይህን ቀልድ ነው ይላል። የአዲስ አበባ ሰው የሚጠይቀው ካሣው ስንት እንደሆነና ምትክ ቦታ የት እንደተሰጠ ነው። በሆድ ፈተናም አዳምስ አይወድቅም፦ መሬት ልትጠፋ ደቂቃዎች ሲቀሩ የአርተር ጓደኛ መጠጥ ቤት ወስዶት ቢራና ኦቾሎኒ ያስቀርብለታል። ኦቾሎኒው ለጨዉ ነው፤ በጠፈር ሲጓጓዙ ጨው ከሰውነት ይወጣልና። ስንቅ ማለት ይህ ነው።

ሌሎቹን በቶሎ ልለፍ። ሐሪ ፖተር ላይ ያለኝ ክብር የመጣው ከዘንጉ ሳይሆን፣ ከምንም ተነስቶ ምግብ መፍጠር አይቻልም ከሚለው የአስማት ሕግ ነው፤ የትምህርት ቤቱን እራት ጓዳ ሆነው የሚሠሩት ደመወዝ የሌላቸው ፍጡራን መሆናቸው ሲገለጥ ደግሞ የሐሪ ጓደኛ ሄርሞን ማኅበር አቋቁማ ትነሳለች፣ ማንም አይሰማትም እንጂ። በ1950 በወጣው የናርኒያ መጽሐፍ ኤድመንድ ወንድሙንና እህቶቹን ለጠንቋይ የሚሸጠው በከረሜላ ነው፤ ልጁ ላይ ከመፍረዳችን በፊት እንግሊዝ አገር ጣፋጭ እስከ 1953 ድረስ በራሽን እንደነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። ኡርሱላ ለጊን በ1969 በጻፈችው ልብ ወለድ በረዶ ብቻ የሆነች ፕላኔት ፈጥራ፣ የፆታን ነገር እንዳለ ገለባብጣ፣ አንባቢን የምታሳምነው ግን በአንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፦ ቢራህን ጎንጨት ብለህ እስክትደግም ላዩ ላይ የሚጋገረውን በረዶ መሰባበሪያ። ያቺን ዕቃ ያሰበ ሰው እዚያ ደርሶ መጥቷል። ወንድማማቾቹ ስትሩጋትስኪ ደግሞ በ1972 በጻፉት መጽሐፍ ከሌላ ዓለም የመጡት እንግዶች ላንጋኖ ዳር ቅዳሜና እሑድን እንዳሳለፈ ሰው በልተው፣ ጠጥተው፣ ቆሻሻቸውን በትነው ሄደዋል፤ ዘወር ብለው እንኳ አላዩንም። የሰው ልጅ የሚሞተውና የሚከብረው ያን ቆሻሻ ሲለቅም ነው። ከመጻተኛ ወረራ ሁሉ የሚያዋርደው ይኼኛው ይመስለኛል። ጆርጅ ማርቲንን አልነካውም፤ ግብዣ መጻፍ ማን እንደሱ፣ ግን በ2011 የተከታታይ መጽሐፉን አምስተኛ ቅጽ አቅርቦ ስድስተኛውን ቆዩ ያለ አስተናጋጅ ላይ አስተያየት የሚሰጠው ሒሳብ ሲመጣ ነው።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው ለሚሉኝ ወዳጆች መልስ አለኝ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 የጻፈው "ራሴላስ" የሐበሻ ልዑል ታሪክ ነው። ጆንሰን ለእናቱ ቀብርና ለዕዳዋ ገንዘብ ስላስፈለገው በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጽፎ ጨረሰው፤ ቀደም ሲል የአባ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ ተርጉሞ ስለነበር አገራችንን በወረቀት ያውቃታል። ልዑሉ ምንም በማይጎድልበት ሸለቆ ተዘግቶ ሲሰለች አንድ ብልሃተኛ የሚያበር ክንፍ ልሥራልህ ይለዋል፤ ዓመት ለፍቶ ከገደል ጫፍ ይዘልና ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል፤ አየር ላይ ያልረዳው ክንፍ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ያድነዋል። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶልናል። መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ ያለ አንድ እንጀራ የተጻፈ የኢትዮጵያ ታሪክ መሆኑን ግን ይቅር አልልም። የራሳችን ክብረ ነገሥት እኮ የቀዳማዊ ምኒልክ ሠረገሎች ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብለው የ13 ቀን መንገድ በአንድ ቀን እንደሄዱ ጽፎ አስቀምጦልናል። ያን የጻፉትን አባቶች ከልብ ወለድ ጸሐፊ ጋር አልደባለቅሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለጆሯችን እንግዳ አይደለም ነው የምለው።

እንግዲህ በአማርኛ የምትጽፉ ወጣቶች፣ አደራ። ወደ ማርስ ውሰዱን፣ እሺ ብለን እንሄዳለን። ግን መንኮራኩሩ ውስጥ ምጣድ ይግባ። ስበት በሌለበት ሊጥ ኩፍ ይላል? እንጀራው ዓይን ያወጣል ወይስ ከምጣዱ ተነስቶ ጣሪያ ይለጠፋል? እርሾውን ከምድር ማን ይዞ ወጣ፣ ለጎረቤትስ አበደረ? የማርስ ቀን ከኛ በ40 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል፤ ምድር ላይ 37 ቀን ሲሞላ እዚያ ገና 36 ነው። ስለዚህ ዓርብ የቱ ነው? ጾሙ የሚያዘው በአዲስ አበባ ወይስ በማርስ? ሙስሊሙ ጎረቤትስ? ማሌዥያ በ2007 ጠፈርተኛዋን ስትልክ ጠፈር ላይ ስለሚሰገድበትና ስለሚጾምበት ሁኔታ መመሪያ አውጥታለች፤ ያ ግን ምድርን ስለሚዞር ጣቢያ ነው። ማርስ ሁለት ጨረቃ አላት፤ አንደኛዋ ፕላኔቷን በቀን ሦስት ጊዜ ትዞራለች። ዒድ በየትኛዋ ይታወጅ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ካለ ዋጋውን አልጠይቅም፤ ቅድሚያ ከፍዬ እመዘገባለሁ፣ ሁለት ቅጂ ይያዝልኝ።